አልጋው ባዶ ይሁን፦ ባምፐር፣ ትራስና ሌላው ማለስለሻ ከሕፃን አልጋ እንዴት ይወጣል?

ልጅ ሊወለድ ሲቃረብ ደስ ከሚሉ ሥራዎች አንዱ አልጋውን ማሰናዳት ነው። አንሶላው ይመረጣል፣ ትንሿ ትራስ ትገዛለች። ከዚያ በአልጋው ዙሪያ የሚታሰረው፣ ውስጡ ስፖንጅ ወይም ጥጥ ያለበት ወፍራም ጨርቅ ይመጣል። ባምፐር የምንለው ማለቴ ነው። አብዛኛው ወላጅ ባምፐር የሚገዛው ለጌጥ ብቻ አይደለም። «ልጄ ጭንቅላቱን ከእንጨቱ ጋር እንዳያጋጭ፣ እግሩ እንዳይሾልክ» ብሎ ነው። የገዛው በፍቅር ስለሆነ እዚህ ማንንም አልወቅስም።

«ባምፐር ለሕፃን ደህና ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ሳላዞር ልመልስ። ባምፐር ለሕፃን ደህና አይደለም። ቀጭኑም ወፍራሙም፣ ውዱም ርካሹም ያው ነው።

ለምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ነገር ሞክሩ። አፍንጫችሁ ጨርቁን እስኪነካ ድረስ ፊታችሁን ወደ ባምፐሩ አስጠጉና ግማሽ ደቂቃ ተንፍሱ። አየሩ ወዲያው ይሞቃል፣ ይታፈናል። እናንተ ፊታችሁን ዞር ታደርጉና ትገላገላላችሁ። የሁለት ወር ልጅ ግን ይህን ማድረግ ላይችል ይችላል። ጭንቅላቱ ለሰውነቱ ከባድ ነው፣ አንገቱም ገና አልጠናም። ፊቱ ጨርቁ ላይ ከተለጠፈ ራሱ ያስወጣውን አየር መልሶ ይስባል። በየትንፋሹ ኦክስጅኑ እያነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየጨመረ ይሄዳል። ላያለቅስም ይችላል። አጠገቡ የተኛ ሰው እንኳ ምንም ሳይሰማ ሊነጋ ይችላል።

አደጋው በዚህ አያበቃም። ልጁ በፍራሹና በባምፐሩ መካከል ተሰንቅሮ ሊቀር ይችላል። ማሰሪያው ከላላ ደግሞ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ቆሞ መደገፍ የጀመረ ልጅ ባምፐሩን እንደ ደረጃ ረግጦ ከአልጋው ሊወድቅ ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የታተመ ጥናት ከ1985 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ከባምፐር ጋር የተያያዙ 27 የሕፃናት ሞቶችን መዝግቧል። በኋላ ቆጠራው እስከ 2012 ሲቀጥል በባምፐር ምክንያት የታፈኑት ሕፃናት 48 ደርሰዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2011 ባምፐር አትጠቀሙ አለ። በ2022 አገሪቱ ስፖንጅ የተሞላ ባምፐር እንዳይመረትና እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለች፤ ሕጉ በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ ሥራ ላይ ዋለ። ከወንፊት መሰል ስስ ጨርቅ የተሠራውን ሕጉ አልነካውም። እኔ ግን እሱንም አልመክርም። እሱም ይላላል፣ እሱም ይጠመጠማል።

ባምፐሩ ያስቀርልናል የምንለው ጉዳትስ? አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ሰንበር ወይም ትንሽ እብጠት ነው። ትንሽ ልጅ ራሱን ክፉኛ የሚጎዳበት ጉልበት የለውም። በሰንበርና በመታፈን መካከል ምርጫው ከባድ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

1. አልጋውን ባዶ አድርጉት

ባምፐሩን በመፍታት ጀምሩ። ማሰሪያዎቹ ብዙ ናቸው፤ ከታች በኩል፣ ፍራሹ ሥር የተቋጠሩት ይረሳሉ። ፍራሹን አንሱና በእጃችሁ ዙሪያውን ዳብሱ። የተበጠሰ ክር ወይም ጥብጣብ እንጨቱ ላይ ተንጠልጥሎ አይቅር።

ቀጥላችሁ ትራሱን፣ ብርድ ልብሱን፣ አሻንጉሊቶቹን አውጡ። ዙሪያውን ጠርዝ ያለው ለስላሳ የሕፃን ጎጆ፣ ልጁ እንዳይገለበጥ ግራና ቀኝ የሚደረግ መደገፊያ፣ ከጭንቅላት በኩል ከፍ የሚያደርግ ስፖንጅም ይውጣ። እነዚህ ስማቸው ቢለያይም የሚያደርሱት ጉዳት እንደ ባምፐሩ ነው። «ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ እንዳይሆን» ተብሎ የሚሸጠውን መሃሉ የጎደጎደ ትራስ በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2022 ወላጆችን አስጠንቅቋል። የጭንቅላቱ ቅርጽ ካሳሰባችሁ ልጁ ነቅቶ ሳለ፣ እያያችሁት፣ በሆዱ አስተኝታችሁ አጫውቱት። ይህ አንገቱንም ያጠነክርለታል።

ለስላሳ ነገር ቢያንስ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ወደ አልጋው አይመለስ።

2. ፍራሹን ፈትሹ

መዳፋችሁን ፍራሹ መሃል ላይ ጫን አድርጉና አንሱ። የእጃችሁ ቅርጽ ወዲያው ከጠፋ ጥሩ ነው። ጎድጉዶ ከቆየ ለሕፃን ለስላሳ ነው ማለት ነው። እኛ አዋቂዎች የሚመቸንን ፍራሽ ለልጅም እንመኛለን። ለሕፃን ግን ደህና የሚሆነው ጠንከር ያለውና ሜዳ የሆነው ነው።

ከዚያ በፍራሹና በአልጋው ጎን መካከል ጣታችሁን አስገቡ። ሁለት ጣት ጎን ለጎን ከገባ ክፍተቱ በዝቷል፤ ፍራሹ ለአልጋው ትንሽ ነው። ክፍተቱን በጨርቅ ወይም በፎጣ አትሙሉት፤ ባምፐሩን በሌላ ስም መመለስ ነው የሚሆነው። የሚያዛልቀው በልኩ የሆነ ፍራሽ ማግኘት ብቻ ነው። ከላይ አንድ አንሶላ ይበቃል፤ እሱም ዙሪያው ላስቲክ ያለውና ተወጥሮ የሚቀመጥ ይሁን።

3. የእንጨቶቹን ክፍተት ለኩ

ባምፐር ድሮ የተፈለገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የቀድሞ አልጋዎች በእንጨቶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ነበራቸው፣ የልጁ ሰውነት ሾልኮ ጭንቅላቱ ይያዝ ነበር። ዛሬ በደረጃው መሠረት የተሠራ አልጋ ክፍተቱ 6 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ማስመሪያ ከሌላችሁ መደበኛውን፣ ወፍራሙን የለስላሳ ጣሳ ውሰዱና በእንጨቶቹ መካከል ለማሳለፍ ሞክሩ። ካለፈ ያ አልጋ ለሕፃን አይሆንም። የላላ ብሎን ወይም የተሰበረ እንጨት ካለም አስተካክሉ። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት አሮጌ አልጋ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፤ ያ ዓይነቱ አሜሪካ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ ታግዷል።

«እግሩ በእንጨቱ መካከል እየገባ ያለቅሳል» የምትሉ አላችሁ። ያናድዳል፣ አውቃለሁ። በሌሊት ሦስቴ ተነስቶ ትንሽ እግር ማውጣት ያደክማል። እግሩን ከጉልበቱ እጠፍ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ መልሱት፣ አትጎትቱት። ልጁ የሚለብሰው፣ እግሩን ከውስጥ የሚይዘው የመኝታ ከረጢት ይህን ችግር በእጅጉ ይቀንሰዋል።

4. በጀርባው አስተኙት

ለቀን እንቅልፍም ለሌሊትም በጀርባው ይተኛ። በጎኑ ማስተኛት መካከለኛ መፍትሔ ይመስላል፤ ግን በቀላሉ ወደ ሆዱ ይገለበጣል።

ብዙ እናቶችን የሚያስፈራው ትፋቱ ነው። «በጀርባው ተኝቶ ቢያስመልሰው ያንቀዋል» ይባላል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ልጁ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናል። የመጣው ወተት ወደ አየር ቧንቧው ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ግን የአየር ቧንቧው ከታች ስለሚሆን ወተቱ ወደ እሱ ቁልቁል ይወርዳል።

ልጁ ራሱ ከጀርባ ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ጀርባ መገላበጥ ሲችል በሌሊት እየተነሳችሁ አትመልሱት። ስታስተኙት በጀርባው አድርጉት፣ ከዚያ የመረጠው ይሁን። አልጋው ባዶ መሆኑ በጣም የሚጠቅመውም ያኔ ነው።

5. ብርዱን በልብስ ተከላከሉ

ብርድ ልብሱን ሲያወጣ ልቡ የማይፈራ ወላጅ የለም። መፍትሔው ልጁ የሚለብሰው የመኝታ ከረጢት ነው። አንገቱና የእጅጌው ቀዳዳ በልኩ ይሁን፤ ሰፊ ከሆነ ልጁ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። ክብደት እንዲኖረው ውስጡ ነገር የተሞላበትን አትግዙ። በጨርቅ የምትጠቀልሉት ከሆነ የመገልበጥ ምልክት ያሳየ ዕለት መጠቅለሉን አቁሙ።

ከብርዱ ይልቅ ሙቀቱ ያሳስባችሁ። ከመጠን በላይ መሞቅ ከድንገተኛ የሕፃናት ሞት ጋር ይያያዛል። ቤት ውስጥ ሲተኛ ኮፍያ አያስፈልገውም። ሙቀቱን በእጁ ወይም በእግሩ አትለኩ፤ እነሱ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ናቸው። እጃችሁን ማጅራቱ ወይም ደረቱ ላይ አድርጉ። ካላበው ወይም ከተኮሰ አንድ ልብስ ቀንሱለት።

6. ልጁ ሲያድግ አልጋውም ይለወጥ

መቀመጥ ሲጀምር ፍራሹን ዝቅ አድርጉ። ይዞ መቆም ሲጀምር ደግሞ ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ አውርዱት። ከላይ የሚንጠለጠል መጫወቻ ካለ በእጁና በጉልበቱ መነሳት ሲጀምር ይነሳ። የመጋረጃ ገመድ እጁ ከሚደርስበት ቦታ ይራቅ። አልጋው ቢያንስ እስከ ስድስት ወር እናንተ በምትተኙበት ክፍል ይሁን፤ ግን ለብቻው።

7. ለቤተሰብ ንገሩ

ይህኛው ከሁሉም ሊከብድ ይችላል። ባምፐሩን ያመጣችው አያትየው ልትሆን ትችላለች። ባዶውን አልጋ ስታይ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ራቁቱን ታስተኚዋለሽ?» ትላለች። «እኛ ስንቱን አሳድገናል» ብላም ትጨምራለች። እውነቷን ነው፤ አሳድጋለች። ክርክር አትግጠሙ። «እማዬ፣ ሐኪሞቹ አሁን ይህን ስላወቁ ነው፤ ጨርቁ ፊቱ ላይ ቢገጥምበት መተንፈስ ያቅተዋል» በሏትና እጇን ይዛችሁ የፍራሹን ጥንካሬ አሳዩዋት። የመኝታ ከረጢቱን እሷ ታልብሰው። ልጁን የሚይዝ ሰው ሁሉ፣ ሞግዚቷም ጭምር፣ ይህን ይወቅ፤ ለአንድ ቀን እንቅልፍ ብቻም ቢሆን።

ያወጣችሁትን ባምፐር ደግሞ ለሌላ ነፍሰ ጡር አትስጡ። ቁም ሳጥን ውስጥ ካስቀመጣችሁትም አንድ ቀን ሌላ ሰው አግኝቶ ያስረዋል። ማሰሪያዎቹን በመቀስ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ስፖንጁን አውጡ፣ ጨርቁን ለወለል መወልወያ አድርጉት።