ከላስቲክ ከረጢት ዓሣ፦ የዛንዚባር ኪሊፊሽ እንቁላል እንዴት ይፈለፈላል?

ኪሊፊሽ አረባለሁ ስል ሰው ሁሉ «ገዳይ ነው እንዴ?» ይለኛል። አይደለም፤ ስሙ ከእንግሊዝኛው «መግደል» ጋር አይገናኝም። የኔዎቹ ኖቶብራንኪየስ ጉንተሪ ይባላሉ። ቢያድጉ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ናቸው። አገራቸው ዛንዚባር ነው፤ ኡንጉጃ ደሴት ላይ ዝናብ ባቆረው ውሃ ይኖራሉ። ውሃው ሲደርቅ ዓሦቹ ያልቃሉ። እንቁላላቸው ግን ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ቀጣዩን ዝናብ ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት እንቁላሉን እርጥብ ፒት ውስጥ አድርጎ በላስቲክ ከረጢት መላክ ይቻላል። ፒት ለችግኝ የሚሸጠው፣ ከረግረግ የሚወጣው ቡናማ ብስባሽ ነው። የኔ ከጀርመን በፖስታ መጣ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ ሰፊ የፕላስቲክ ሳህን፣ አጉሊ መነጽር፣ ቴርሞሜትር፣ ትንሽ የአየር ፓምፕ፣ የአርቴሚያ እንቁላል። አርቴሚያ ለጫጩቶቹ ምግብ የሚሆን፣ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚኖር ደቃቅ ፍጥረት ነው። ውድ ማጣሪያ አትግዙ። ጫጩቶቹን መጥጦ ይጨርሳቸዋል። ተራ የስፖንጅ ማጣሪያ ይበቃል።

1. መጠበቅ

ሰውን የሚፈትነው ይሄ ነው። ከረጢቱ ላይ እንቁላሉ የተሰበሰበበት ቀን ተጽፎ ይመጣል። መመሪያው «በ24 ወይም 25 ዲግሪ 3 ወር ገደማ» ይላል። እኔም ቀን ቆጥሬ፣ 12ኛው ሳምንት እንደሞላ ውሃ አፈሰስኩበት። መነጽሩን ማን አይቶት! ቤቴ አዲስ አበባ መሆኑን ረስቼው ነበር። ክረምት ላይ ሳሎኔ ሌሊት 17 ዲግሪ ይወርዳል፣ እንቁላል ደግሞ በብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ዘጠኝ ጫጩት ወጣ። ዘጠኙም ሳህኑ ወለል ላይ በሆዳቸው ይንፏቀቁ ነበር። ዓሣን ውሃ ውስጥ የሚያንሳፍፈው የአየር ከረጢት አልተነፋላቸውም። በአምስተኛው ቀን አንድም አልቀረ። ሳይቦካ የተጋገረ ሊጥ በሉት።

ስለዚህ ቀኑን ለግምት ብቻ ያዙትና ዓይን ፈልጉ። ጥቂት ፒት ነጭ ሳህን ላይ በትኑና በመነጽር እዩ። እንቁላሏ ክብ ናት፣ የጤፍ ፍሬ ታክላለች። እንደ ብርጭቆ ጠርታ ውስጧ ባዶ ከመሰለ ገና ናት። ነጭ ሆና ሻጋታ ከወረሳት ሞታለች፤ ሌሎቹን ሳትበክል ጣሏት። ውስጧ የተጠቀለለ ጠቆር ያለ ነገርና ሁለት ዓይን ከታየ ተቃርቧል። ጥቁሩን ብሌን ወርቃማ ቀለበት ሲከበው ደርሷል ማለት ነው።

እንቁላሎቹ አብረው እንዲደርሱ አትጠብቁ። በአንድ ቀን የተጣሉት እንኳ ይለያያሉ። አንዳንዱ እድገቱን መሃል ላይ አቁሞ ይተኛል። ሳይንቲስቶች ይህን ዲያፖዝ ይሉታል፤ ሦስት የእድገት ደረጃዎች ላይ ሊከሰት ይችላል። ነገሩ ሲያስቡት ብልሃት አለው። አንድ ቀን ዶፍ ወርዶ ኩሬው ሞልቶ በሳምንቱ ቢደርቅስ? ሁሉም ተፈልፍሎ ቢሆን ዘሩ እዚያው ያከትም ነበር። እኔ አብዛኛው ወርቃማ ዓይን እስኪያወጣ እጠብቃለሁ።

እስከዚያው ከረጢቱን ሙቀት ካለው ቦታ አኑሩት፤ የኔ ማሞቂያ ካለው ገንዳ ክዳን ላይ ነው የሚቀመጠው። እርጥበቱን በእጅ ለኩ። ፒቱን ጨብጣችሁ ስትለቁት መበታተን አለበት። እንደ በሶ ጭብጦ ከተጣበቀ ውሃ በዝቶበታል።

2. ምግቡን ማስቀደም

ጫጩት በወጣበት ቀን መብላት ይፈልጋል። የአርቴሚያውን እንቁላል ቀድማችሁ ውሃ ውስጥ ጨምሩት፦ ለ1 ሊትር ውሃ 25 ግራም ያህል ጨው፣ ከስር አየር። በሞቀ ቦታ ለመፈልፈል 24 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ቤታችሁ ብርድ ከሆነ ሁለት ቀን ስጡት። የዶሮ እንቁላል አስኳል ፈጭቶ መስጠት ይቻላል የሚሉ አሉ። ሞክሬዋለሁ፤ ያተረፍኩት የሸተተ ውሃ ነው።

3. ማራስ

ፒቱን ሳህኑ ላይ ዘርግታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፣ 17 ዲግሪ አካባቢ፣ ጥልቀቱ 5 ሴንቲሜትር። ክሎሪኑ እንዲወጣ ውሃው ክፍት ዕቃ ውስጥ ይደር። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ብርድ ካሰኝ፤ ሳሎን ያደረ ውሃ ልኩ ነው። ለእንቁላሉ ዝናብ መጣ ማለት ነው። ከሰዓታት በኋላ እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠኑ ነገሮች ጫር ጫር ሲሉ ታያላችሁ። ከዚያ ሳህኑን ቀስ በቀስ ወደ 24 ዲግሪ አሙቁት።

አርቴሚያ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በጥቂቱ። የተረፈውን ምጠጡና በምትኩ ትኩስ ያልሆነ ንጹሕ ውሃ ጨምሩ። ኪሊፊሽን ቶሎ የሚጨርሰው ቬልቬት የሚባለው፣ ሰውነታቸው ላይ የወርቅ ብናኝ የሚመስል በሽታ ነው። ለ5 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይከላከላል።

4. ፒቱን አትጣሉት

ጫጩቶቹን በማንኪያ ወደ ገንዳ ካሻገራችሁ በኋላ ፒቱን አጥልላችሁ ጨምቁና ወደ ከረጢቱ መልሱት። ያ ያከሸፍኩት ከረጢት ለቆሻሻ ተዘጋጅቶ ነበር። ስንፍና ይዞኝ በረንዳ ላይ ሳይጣል ሰነበተ። በኋላ በመነጽር ባየው ወርቃማ ዓይን ሞልቶታል! ሙቀት ቦታ ትንሽ አቆየሁትና አራስኩት። ሠላሳ ምናምን ጫጩት ወጣ፤ ከሁለት በቀር ሁሉም ዋኙ።

5. ማራባት

ወር ከምናምን ሲሆናቸው ወንዱ ይለያል፦ ቅርፊቱ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ጅራቱ ቀይ። ሴቷ ግራጫ ናት። አንድ ወንድ ከሁለት ሦስት ሴት ጋር አድርጉ፤ ሴቷ ብቻዋን ከሆነች እያሳደደ ያደክማታል። ክዳኑ የተቀደደ ትንሽ ሣጥን ውስጥ የተቀቀለና የቀዘቀዘ ፒት አስገቡላቸው። በየሳምንቱ ፒቱን በሻይ ማጥለያ አጥልላችሁ ጨምቁ፣ ጋዜጣ ላይ ለሰዓታት አጠንፍፉ፣ ከረጢት ውስጥ አድርጉ። የበዙባችሁን ዓሦች ለሚያረባ ሰው ስጡ እንጂ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁ።

ከረጢቱ ላይ ቀኑን በማርከር ጻፉ። በእስክሪብቶ የጻፍኩትን እርጥበት አጥፍቶብኛል።