ቆሞ የከረመ መኪና የነዳጅ ችግሩን ደረጃ በደረጃ እንዴት መለየት ይቻላል

ለወራት ቆሞ የከረመ መኪና ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ሞተሩን በደንብ እያዞረው አልነሳም ሲል፣ ወይም ተነስቶ ጥቂት ከሄደ በኋላ ጉልበት አጥቶ ሲጠፋ፣ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው የነዳጅ ፓምፑን ነው። ጥርጣሬው መሠረት የለውም አይባልም። ይሁን እንጂ ፓምፕ መለወጥ አድካሚና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ በመጨረሻ መምጣት ያለበት እርምጃ ነው። ነዳጁ ከታንኩ ተነስቶ ሲሊንደር እስኪገባ ድረስ የሚያልፍባቸው ቦታዎች በቁጥር የተወሰኑ ስለሆኑ፣ መንገዱን ከመነሻው ተከትሎ እየፈተሹና እየለኩ መሄድ በግምት ዕቃ ከመግዛት ያድናል።

መቆም በራሱ ነዳጅን ያበላሻል። ቤንዚን የብዙ ዓይነት ፈሳሾች ድብልቅ ሲሆን፣ ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት የሚያስፈልጉት በቀላሉ የሚተኑት ክፍሎች ቀድመው ይጠፋሉ፤ የቀረው ደግሞ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይፈጥራል። እንደ ሙቀቱና እንደ አቀማመጡ ቢለያይም፣ ከ3 እስከ 6 ወር የቆየ ቤንዚን ሊጠረጠር ይገባል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውሃው ከመጠን ሲያልፍ ኤታኖሉን ይዞ ከቤንዚኑ ይለይና ወደ ታንኩ ሥር ይወርዳል። ፓምፑ የሚስበው ከሥር ስለሆነ ሞተሩ መጀመሪያ የሚደርሰው ይኸው ውሃ የበዛበት ፈሳሽ ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት

የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ከርቀት ያለ ትንሽ ብልጭታም ሊያቀጣጥለው ይችላል። ስለዚህ ሥራው አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ፣ ለቤንዚን እሳት የሚሆን ማጥፊያ በእጅ እያለ መሠራት አለበት። ማንኛውንም የነዳጅ ቱቦ ከመፍታት በፊት የፓምፑን ፊውዝ አውጥቶ ሞተሩ እስኪጠፋ ማስኬድ፣ ካልተነሳም ለጥቂት ሰከንድ በሞተሪኖ ማዞር በቱቦው ውስጥ የታመቀውን ግፊት ያስወጣል። ነዳጅ በአፍ መሳብ ሳንባን ሊጎዳ ስለሚችል በምንም ምክንያት አይሞከርም።

አንደኛ፦ ችግሩ በእርግጥ የነዳጅ መሆኑን ማረጋገጥ

ቆሞ በከረመ መኪና ላይ ባትሪው ሳይመረመር ወደ ነዳጅ መሄድ ስህተት ነው። ሙሉ ኃይል ያለው ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ወደ 12.2 ከወረደ ግማሽ ያህሉ ተሟጧል ማለት ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቴጁ ከ9.6 በታች ከወደቀ ፓምፑም የሚገባውን ኃይል ስለማያገኝ፣ የባትሪ ድካም የነዳጅ ችግር መስሎ ይታያል።

ባትሪው ደህና ከሆነ፣ በቤንዚን ሞተር ላይ ለሞተር ማስነሻ የተሠራውን ስፕሬይ በጣም ጥቂት ወደ አየር መግቢያው ረጭቶ ማስነሳት ብዙ ነገር ይናገራል። ሞተሩ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ተነስቶ ከጠፋ፣ የካንዴላው ብልጭታም የሲሊንደሩ እመቃም አሉ፤ የጎደለው ነዳጅ ነው። ምንም ምላሽ ካልሰጠ ግን በቅድሚያ ካንዴላውንና ብልጭታውን መመርመር ይሻላል። ይህ ሙከራ በናፍጣ ሞተር ላይ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል አይደረግም።

ሁለተኛ፦ ነዳጁን በዓይን ማየት

በታንኩ ውስጥ ያለው የነዳጅ መለኪያ ተንሳፋፊ ቆሞ በከረመ መኪና ላይ ሊጣበቅ ስለሚችል፣ ዳሽቦርዱ ግማሽ ታንክ ማሳየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ግፊቱ ከተለቀቀ በኋላ ከታንኩ ሥር ወይም ከፊልትሮው ቱቦ ላይ ጥቂት ነዳጅ በንጹሕ የመስታወት ዕቃ ቀድቶ ለግማሽ ሰዓት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ደህና ቤንዚን ጠርቶ ወለል ብሎ ይታያል፤ ሽታውም ስለታም ነው። ያረጀው እንደ ሻይ ይጠቁራል፣ ሽታውም ወደ ቫርኒሽ ያደላል። ከሥሩ በቀጭን መስመር የተለየ ፈሳሽ ወይም በመስታወቱ ወለል ላይ የሚንከባለሉ ድቡልቡል ጠብታዎች ከታዩ ውሃ ገብቷል። ቡናማ ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ነገር ከሥር ከተኛ ደግሞ ታንኩ ከውስጥ እየዛገ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ታንኩ ሳይጸዳ ፊልትሮ ብቻ መለወጥ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው የሚያገለግለው። የተበላሸ ነዳጅ ተቀድቶ መውጣት አለበት፤ በብዙ አዲስ ነዳጅ ማቅጠን የሚረዳው እርጅናው ቀላል ሲሆን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ፓምፑን ማዳመጥና ኃይሉን መለካት

ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን (ኢንጀክተር በሚባሉ በኤሌክትሪክ በሚከፈቱ አፈሙዞች ነዳጅ የሚረጭ ሥርዓት) ባላቸው አብዛኞቹ መኪኖች ቁልፉ ሞተሪኖውን ሳያስነሳ ወደ ON ቦታ ሲዞር ፓምፑ ለ2 ሰከንድ ያህል ዝቅ ያለ የሚያርገበግብ ድምፅ ያሰማል። የታንኩን ክዳን ከፍቶ በጸጥታ ማዳመጥ ይቻላል። ድምፁ ከሌለ ፊውዙና ሪሌዩ (ለፓምፑ ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ኤሌክትሪካዊ ማብሪያ) ይፈተሻሉ፤ አንዳንድ መኪኖች በግጭት ጊዜ ነዳጅ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ስላላቸው እሱም ይታያል። የቆመ መኪና ለአይጥ ምቹ በመሆኑ ሽቦዎቹን በዓይን መከተልም አይዘነጋም።

በዚህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ እኔም ስቼው አውቃለሁ። ስምንት ወር ቆሞ በነበረ መኪና ላይ የፓምፑን ሶኬት ነቅዬ ስለካ 12.4 ቮልት ስላገኘሁ ኤሌክትሪኩ ደህና ነው ብዬ አዲስ ፓምፕ ገዛሁ፤ አዲሱም እንደ አሮጌው አቅም አጣ። በኋላ ሶኬቱ ተሰክቶ ፓምፑ እየሠራ ሳለ ስለካ የሚደርሰው 8 ቮልት ብቻ ነበር፤ ከቦዲ ጋር የሚገናኘው የኔጋቲቭ ሽቦ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበር። ያረጀ ግንኙነት የኤሌክትሪክ ጭነት በሌለበት ጊዜ፣ ማለትም ፓምፑ ኃይል ሳይስብ፣ ሙሉ ቮልት ያሳያል፤ ጭነት ሲመጣ ግን ያንቃል። ስለዚህ መለካት ያለበት ፓምፑ ተገናኝቶ እየሠራ ነው፤ በፓምፑና በባትሪው መካከል ያለው ልዩነትም ከግማሽ ቮልት ብዙም መብለጥ የለበትም። ይህ ደህና ሆኖ ፓምፑ ዝም ካለ፣ ረዳት ሰው ሞተሪኖውን ሲያዞር ታንኩን ከሥር በጎማ መዶሻ ቀስ ብሎ መምታት ያስፈልጋል፤ ፓምፑ በዚህ ከተነሳ ውስጡ አርጅቷልና መለወጥ አለበት።

አራተኛ፦ ግፊቱን በጌጅ (በግፊት መለኪያ) መለካት

ድምፅ መኖሩ ግፊት ስለመኖሩ ዋስትና አይሰጥም። ኢንጀክተሮቹ ከመግቢያ ቫልቭ ፊት በሚረጩባቸው ሞተሮች ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 4 ባር ሲሆን፣ ካርቡሬተር (በአሮጌ ሞተሮች ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ክፍል) ባላቸው ሞተሮች ከግማሽ ባር በታች ነው። ትክክለኛው ቁጥር በመኪናው መመሪያ ይገኛል። ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጭባቸው ሞተሮች ከፍተኛ ግፊት ያለበት ወገን ከ100 ባር በላይ ሊሆንና ቆዳ ሊበሳ ስለሚችል፣ ይህን ወገን ለባለሙያ መተው ይገባል።

ግፊቱ ዝቅ ካለና ወደ ታንክ የሚመለስ የጎማ ቱቦ ካለ፣ ቱቦውን ለአፍታ ቆንጠጥ ማድረግ ጥፋተኛውን ይለያል። ግፊቱ ወዲያው ከጨመረ ፓምፑ አቅም አለው፣ የሚያፈስሰው የግፊት መቆጣጠሪያው ነው፤ ካልጨመረ ፊልትሮው፣ በታንኩ ውስጥ ያለው ወንፊት ወይም ፓምፑ ይጠረጠራል። ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱ በጥቂት ሰከንዶች ከወደቀ ደግሞ በፓምፑ ውስጥ ያለው የመመለሻ ማገጃ ቫልቭ፣ መቆጣጠሪያው ወይም ኢንጀክተር ያፈስሳል። ጌጅ ለሌለው ሰው ይህን የሚጠቁም ቀላል ዘዴ አለ፤ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘግቶ ከዚያ ማስነሳት። ሁልጊዜ ብዙ ዞሮ የሚነሳው ሞተር በዚህ ቶሎ ከተነሳ መኪናው በሚቆምበት ጊዜ ግፊቱ እየሸሸ ነው።

አምስተኛ፦ መጨረሻው ጫፍ

ግፊቱ ትክክል ሆኖ ሞተሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሙጫው ኢንጀክተሮቹን ይዟል ማለት ሊሆን ይችላል። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታው ጆሮ ላይ ሲደረግ የሚሠራው ኢንጀክተር ፈጣን የሆነ ቲክ ቲክ ድምፅ ያሰማል፤ ዝም ያለው ኤሌክትሪክ አልደረሰውም ወይም ተጣብቋል። በካርቡሬተር ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የነዳጅ መስጫው ዘንግ በፍጥነት ሲሳብ ወደ ጉሮሮው ቀጭን የነዳጅ ጅረት መርጨት አለበት። ካልረጨ የካርቡሬተሩ ነዳጅ የሚጠራቀምበት ሳህን ባዶ ሳይሆን አይቀርም፤ መግቢያውን የሚዘጋው መርፌ ተጣብቆ እንደሆነም የሳህኑን ጎን በእንጨት እጀታ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ አንዳንድ ጊዜ ያላቅቀዋል።

የናፍጣ ሞተር ሲሆን ፍለጋው በአብዛኛው ወደ አየር መግባትና ወደ ውሃ ያተኩራል፤ የፊልትሮውን ውሃ ማፍሰሻ መክፈትና በእጅ ፓምፕ አየሩን ማስወጣት ቀዳሚ ናቸው።

ጥፋቱ ተገኝቶ ከተስተካከለ በኋላ በታንኩ ግድግዳ ላይ የቀረው ዝቃጭ በአዲሱ ነዳጅ መንቀሳቀስ ስለሚጀምር፣ የመጀመሪያው ሙሉ ታንክ እንዳለቀ ፊልትሮውን እንደገና መለወጥ ያስፈልጋል። የወጣው አሮጌ ነዳጅ ወደ መሬትም ወደ ፍሳሽ መውረጃም አይደፋም፤ በተከደነ የብረት ጀሪካን ተጠብቆ አደገኛ ቆሻሻ ለሚረከቡ ይሰጣል።