ትርምሱን ዘፈን ማድረግ፦ የሙከራ ኤክስትሪም ሜታል አጻጻፍ

በኤክስትሪም ሜታል፣ ማለትም እጅግ ፈጣንና ጨካኝ በሆነው የሄቪ ሜታል ሙዚቃ ዘርፍ ውስጥ አዲስ ነገር መሞከር የሚሻ ደራሲ ብዙ ጊዜ ከትርምሱ ይጀምርና ዘፈኑን ኋላ ላይ ለማግኘት ይደክማል። ጊታሮቹ በማይስማሙ ድምፆች እየተፋጩ፣ ድራሙ በብላስት ቢት (እጅና እግር እጅግ በፍጥነት በሚመቱት ምት) ያለ ፋታ እየደበደበ፣ ድምፃዊው እየጮኸ አራት ደቂቃ ቢዘልቁ አድማጩ መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ያ ሁሉ ጩኸት በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ የክረምት ዝናብ አንድ ወጥ ድምፅ ይሆንበታል። ሲፈርስ የሚሰማው አስቀድሞ የቆመ ነገር ብቻ ስለሆነ፣ ሥራው የሚጀመረው አድማጩ በጆሮው ይዞት የሚሄደውን ነገር በመምረጥ ነው።

ስለዚህ ዲስቶርሽኑን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን መሣሪያ) ያጥፉና ከሁለት እስከ አራት ባር (የምት ቆጠራ ዙር) የሚረዝም አንድ ሪፍ፣ ማለትም ተደጋጋሚ አጭር የጊታር ሐረግ፣ ይጻፉ። በአፍዎ ሊያንጎራጉሩት ካልቻሉ ሪፉ ገና አላለቀም። ማማር አይጠበቅበትም፣ አስቀያሚም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተለውጦ ሲመለስ አድማጩ የሚያውቀው አንድ ምልክት፣ ለምሳሌ ሰፊ ዝላይ ወይም ያልተጠበቀ ዝምታ፣ ሊኖረው ይገባል።

ከዚያ ወደ ምቱ ይለፉ። በ1987 በስዊድኗ ኡሜዮ ከተማ የተመሠረተው መሹጋ በዚህ ረገድ ተደጋግሞ ሊጠና የሚገባው ቡድን ነው፤ ሙዚቃው ቆጠራ የጠፋበት ቢመስልም፣ አብዛኛውን ጊዜ የድራመኛው እጅ በሲምባልና (በናሱ ሳህን) በስኔር (ስል ድምፅ ባለው ትንሽ ከበሮ) ተራውን የአራት ምት ቆጠራ ሲጠብቅ፣ እግሩ ከጊታሮቹ ጋር ሆኖ ጎዶሎ ርዝመት ያለውን ሪፍ ይከተላል። ይህን ለመሞከር ሰባት ስምንተኛ ኖታዎች (እያንዳንዱ የአንድ ምት ግማሽ) የሚረዝም ሪፍ ይውሰዱ። በ4/4፣ ማለትም በየባሩ አራት ምት እየተባለ የሚቆጠሩ 8 ባሮች 64 ስምንተኛ ኖታዎች ስላሏቸው፣ ሪፉ 9 ጊዜ ሲደጋገም 63ቱን ሞልቶ አንድ ያስተርፋል። በዚያች ትርፍ ኖታ ላይ ሁሉም በአንድነት ዝም ይበሉ፤ ቀጥሎ ሪፉና ቆጠራው እንደገና አብረው ይነሣሉ። አድማጩ ስሌቱን ሳያውቅ መሬት ከእግሩ ሥር ስትንሸራተት ቆይታ በድንገት ስትጸናለት ይሰማዋል። (ችክችካም በስድስት ንዑስ ምቶች ውስጥ ሁለትንና ሦስትን አብሮ የሚያስቆጥር ነውና፣ እንዲህ ያለው ሽሚያ ለእኛ ጆሮ ፍጹም ባዕድ አይደለም።) ጥንቃቄ የሚያሻው፣ እጁም እግሩም ጊታሩም በአንድ ጊዜ ቢያፈነግጡ ማንም እንዳፈነገጠ የሚለይበት መለኪያ የማይቀር መሆኑ ነው።

የድምፅ ግጭትም እንዲሁ ቦታ ይፈልጋል። በመደበኛ ቅኝት በተቃኘ ጊታር የሁለተኛውን ክር አራተኛ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ያለ የጣት ቦታ) ይዘው ካልተያዘው አንደኛ ክር ጋር ቢመቱ፣ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ኖታዎች ሲፋጩ ይሰማሉ። ዲስቶርሽኑ ከበዛ ግን ግጭቱ ጠፍቶ ጭቃ ብቻ ይቀራልና፣ ከለመዱት መጠን ቀነስ ያድርጉት፤ በእኔ አስተያየት ብዙ ጥሩ ሪፍ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። የካናዳዋ ኩቤክ ቡድን ጎርጉትስ በ1998 ባወጣው «ኦብስኩራ» አልበም ጊታሮቹ እጅግ ይጎረብጣሉ፤ ይሁንና የጎረበጠው ሐረግ ተመልሶ ስለሚመጣ ጆሮ ቀስ በቀስ ሰዋስዉን ይማራል።

ይኸው ቡድን በ2013 ባወጣው፣ ቲቤትን በሚመለከተው «ከለርድ ሳንድስ» አልበም መካከል ላይ፣ ጊታርም ድራምም የሌለበት፣ በቫዮሊንና በመሰሎቹ ብቻ የሚቀርብ ድርሰት አስገብቷል፤ ከእሱ በኋላ ጊታሮቹ ሲመለሱ ከፊተኛው ይልቅ ከብደው ይሰማሉ። እርስዎም በአንድ ዘፈን ውስጥ ለ8 ባር ቤዙን (ወፍራም ድምፅ ያለውን ጊታር) ብቻውን ቢተዉት ተመሳሳይ ጥቅም ያገኛሉ። ሌላም መንገድ አለ። የጆን ዞርን የኒው ዮርክ ቡድን ኔክድ ሲቲ ከጃዝ ወደ ግራይንድኮር (እጅግ ፈጣንና ጩኸታም ወደሆነ የሙዚቃ ስልት) በቅጽበት የሚዘልሉ፣ ብዙዎቹ አንድ ደቂቃ የማይሞሉ ድርሰቶችን ሠርቷል፤ እንዲህ ያለው ሥራ አድማጩ ሳይሰለች ስለሚያልቅ የሚመለስ ሪፍ የግድ አይፈልግም። ስለዚህ መያዣ ያጡለትን ሐሳብ ከማስረዘም ይልቅ ማሳጠር ይሻላል።

በልምምድ ጊዜ ዘፈኑን በግማሽ ፍጥነት ተጫውታችሁ ቅረጹት፤ በዚያ ፍጥነት የማይገጣጠም ክፍል በሙሉ ፍጥነት የተገጣጠመ የሚመስለው በአጋጣሚ ነው። ያለ ጽሑፍ በፈጠራ የሚጮኽበት ክፍል ካለም ርዝመቱንና መውጫ ምልክቱን፣ ለምሳሌ አራት የስኔር ምት፣ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ምልክቱን የሚሰጠው ድራመኛው ከሆነ ደግሞ፣ በዚያ ጩኸት መካከል ሌሎቹ እንዲያዩት ፊቱን ወደ እነሱ አዙሮ ይቀመጥ።