ጣትህ አልተሳሳተም፣ ቦውህ ነው፦ ለቫዮሊንና ለወንድሞቹ የኖታ ምልክት ችግርና መፍትሄ

ልምምድ ላይ «አንተ፣ የሆነ ነገር ልክ አይደለም» ሲባል አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያየው ግራ እጁን ነው። ጣቴ ዝቅ ብሎ ይሆን? ብዙ ጊዜ ጣቱ ምንም አልሆነም። የኖታው ራስ ለግራ እጅ ነው የተጻፈው። ከሱ በላይና በታች የተበተነው ነጥብ፣ ጭረትና ቅስት ግን አብዛኛው ለቀኝ እጅ፣ ማለትም ክሩን ለሚጎትተው ዘንግ፣ ለቦው ነው። እሱን ነው የምንዘለው። በቤተ ክርስቲያን ዜማ ያደገ ሰው እንኳ ይሄ አይከብደውም። ድፋት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ እያለ ከቃሉ በላይ ያለችው ትንሽ ጭረት ዜማውን እንደምትለውጥ ያውቃል።

ከሚሰማው ወይም ከሚታየው ችግር እንነሳ።

ሁሉም ወደ ታች ሲጎትት የኔ ቦው ወደ ላይ ይሄዳል

ይሄ ከአዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ ሆኖም ይታያል። ስህተቱ አሁን ያላችሁበት ቦታ ላይ አይደለም፤ ሦስት አራት ባር (በቋሚ መስመር የተከፈለ የኖታ ክፍል) ወደኋላ ሂዱና ፈልጉት። እዚያ አንድ ስለር አልፋችኋል። ስለር፣ ማለትም የተለያዩ ኖታዎችን የሚያቅፈው ቅስት፣ «እነዚህን በአንድ ቦው ተጫወት» ነው የሚለው። ሁለት ኖታ የያዘውን ዘላችሁ ለየብቻ ከጎተታችሁ አንድ ቦው ይተርፋችኋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይገለበጣል። ተንኮለኛው ግን ሦስት ኖታ የሚያቅፈው ነው። እሱን ብትዘሉት ሁለት ቦው ስለሚተርፍ አቅጣጫችሁ ከሌላው ጋር መልሶ ይገጥማል። ማንም አያይባችሁም፣ ሐረጉ ግን ተቆራርጧል። ዓይን የማይይዘው ጆሮ የሚይዘው እንደዚህ ያለውን ነው።

መፍትሄው፣ ወደ መጨረሻው የአቅጣጫ ምልክት ተመለሱና ከዚያ ጀምራችሁ ቦዋችሁን ቁጠሩ። ታቹ ክፍት የሆነ በር የምትመስለው ወደ ታች ናት፣ እንደ ቪ ፊደል ሹል የሆነችው ወደ ላይ። ሁለት የወደ ታች ምልክት ተከታትለው ከመጡ የማተሚያ ስህተት አይደለም። ቦውን አንስታችሁ ወደ መያዣው በኩል መልሱና እንደገና ወደ ታች ጎትቱ ማለት ነው። ቅስቱ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸውን ሁለት ኖታዎች ካገናኘ ደግሞ ታይ ነው፤ ሁለተኛውን እንደ አዲስ አትጀምሩት፣ ያዙት ብቻ።

ሌላው ያሳጥራል፣ እኔ አስረዝማለሁ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ግማሹ ጥፋት የወረቀቱ ነው። ኖታችን የኮፒ ኮፒ ነው። አራት ኪሎ አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ተባዝቶ፣ ከዚያ በስልክ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ተልኮ፣ ከዚያ እንደገና ፒያሳ ታትሞ የመጣ ወረቀት ላይ ኖታውን የሚያሳጥረው የስታካቶ ነጥብ ቢጠፋ ምን ይገርማል? ይባስ ብሎ የማሽኑ መስታወት ላይ ያለ ቆሻሻ አዲስ ነጥብ ይጨምራል።

ስለዚህ የነጥቡን ቦታ እዩ። ከኖታው ራስ ልክ በላይ ወይም ልክ በታች ከሆነ ስታካቶ ነው፣ አሳጥሩ። ከራሱ በስተቀኝ ጎን ከሆነ ተቃራኒው ነው፤ የኖታውን ርዝመት በግማሹ ይጨምራል። በአንዱም በሌላውም ቦታ ካልሆነና የትም ተንሳፍፎ ከተቀመጠ ቆሻሻ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው ሐረግ አራቴ ተደግሞ ሦስቱ ላይ ነጥብ ካለ አራተኛውም ላይ ሳይኖር አይቀርም። «ሲሚሌ» የሚል ካያችሁ ደግሞ ነጥቡ ባይደገምም እንደዚያው ቀጥሉ ነው። ስልክ ላይ ከሆነ ጠርዙ የተቆረጠ ፎቶ አትቀበሉ፤ ፍጥነቱ የሚጻፈው ላይኛው ግራ ጥግ ላይ ነው፣ ቀድሞ የሚቆረጠውም እሱ ነው።

ነጥብና ስለር አብረው ከመጡ ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። ቦው አቅጣጫ አይቀይርም፣ በየኖታው ግን ቆም ይላል። በነጥቡ ፋንታ አግድም ጭረት ከሆነ አትቁረጡት፣ በዚያው ቦው ላይ እያንዳንዱን ኖታ በስሱ ጫን ጫን አድርጉት።

እኔ በቦው እየተጫወትኩ ሌሎቹ በጣት ይነቅላሉ

ፒዚካቶ (በጣት ንቀል) አንዴ ከተጻፈ «አርኮ» (በቦው ተጫወት) እስኪል ድረስ ይሠራል። እረፍት አያቋርጠውም፣ መስመር መቀየርም ሆነ ገጽ መገልበጥ አያቋርጠውም። ሰዉ የሚወድቀው ገጹ ላይ ነው። አዲሱ ገጽ አናት ላይ በእርሳስ ፒዚካቶ ብላችሁ ጻፉ፣ አለቀ። ድምፅ ማፈኛውን የሚያስገጥመው «ኮን ሶርዲኖ»ም «ሴንዛ ሶርዲኖ» እስኪል ድረስ እንደዚያው ነው። ኖታው ላይ የመደመር ምልክት ካለ ደግሞ የሚነቅለው ግራ እጅ ነው።

ድምፁ ብረት ብረት ይላል፣ ወይም ደብዝዞ ይጠፋል

«ሱል ፖንቲቼሎ» ከተጻፈ ብረት ብረት ማለቱ ትክክል ነው፤ ቦው ክሮቹን ወደተሸከመው ድልድይ ተጠግቶ ይሄዳል። «ሱል ታስቶ» ከሆነ ወደ ጥቁሩ የጣት ሰሌዳ ይጠጋል፣ ድምፁም ይለሰልሳል። ሁለቱንም «ኦርዲናሪዮ» (እንደ ወትሮው) ይሽራቸዋል። ምንም ሳይጻፍ እንዲህ የሚል ከሆነ ግን ቦዋችሁ ሳታውቁት እየተንሸራተተ ነው፣ መስታወት ፊት ቆማችሁ እዩት።

የጣት ቁጥሩ እጄ ላይ አይገባም

ኪቦርድ የጀመረ ሰው 1 ሲል አውራ ጣቱን ያነሳል። ቫዮሊን ላይ 1 ሌባ ጣት ነው፣ 4 ትንሿ ጣት። 0 ባዶ ክር ነው።

ክቦቹን ግን ለይታችሁ ያዙ፣ ሦስቱ ይመሳሰላሉ። ከኖታው በላይ ያለች ትንሽ ባዶ ክብ ሃርሞኒክ ናት፤ ጣቱ ክሩን ይነካል እንጂ አይጫንም። ክቧ አናቷ ላይ ቀጥ ያለ ጭረት ካላት ባርቶክ ፒዚካቶ ይባላል። ክሩን ወደ ላይ ስባችሁ ስትለቁት ሰሌዳውን መትቶ ጧ ይላል። ጭረቷ ከታች ከሆነ የቼሎ ተጫዋች አውራ ጣቱን ክሩ ላይ እንዲያሳርፍ ነው። በመጥፎ ኮፒ ጭረቷ ከጠፋች ሃርሞኒክ መስላ ትቀራለች። ድንገት ለስላሳ ፉጨት የማይመስል ቦታ ላይ ሃርሞኒክ ካገኛችሁ ዋናውን ወረቀት ጠይቁ።

የኖታው እግር ላይ የተጋደሙት ጭረቶች

አንድ ጭረት በስምንተኛ ኖታ፣ ሁለት በአስራ ስድስተኛ እየከፋፈላችሁ ደጋግሙ ነው። ሦስት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም፣ ትሬሞሎ ነው፤ ማለትም እየተንቀጠቀጠ በፍጥነት የሚደጋገም። በቦው ጫፍ፣ በእጅ አንጓ ብቻ። በክንድ የሚሞክር ሰው ሁለተኛው ገጽ ሳይደርስ ትከሻው ይቃጠላል።

ሁለት ኖታ ተደራርቧል፣ ማን የትኛውን?

«ዲቪዚ» (ተከፋፈሉ) ካለ አንድ ወረቀት ከሚጋሩት ሁለት ተጫዋቾች ከተመልካቹ በኩል የተቀመጠው ላይኛውን ይጫወታል፣ ከውስጥ ያለው ታችኛውን። ገጽ የሚገለብጠውም የውስጡ ነው፣ ስለዚህ ታች ጥግ ላይ ቪ እና ኤስ ተጽፎ ካየ ቶሎ ይገልብጥ። አቅጣጫውንም ሆነ ክፍፍሉን ስትጽፉ በእርሳስ ይሁን። የቦው አቅጣጫ ከኮንሰርቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ልምምድም ይቀየራል፤ በእስክሪብቶ የጻፈ ሰው ሰርዞ ደልዞ መጨረሻ ላይ የራሱን ወረቀት ራሱ ማንበብ ያቅተዋል።