በድሬዳዋና በሐረር ቤት ሲገዙ ወይም ሲሸጡ ጠበቃ እንዴት ይመረጣል?

ብዙ ሰው ጠበቃ የሚፈልገው ቀብድ ከከፈለና ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ጠበቃው የሚመረጠው ዋጋ ከተነጋገሩ በኋላ፣ አንድም ብር ከእጅዎ ከመውጣቱ በፊት ነው።

በመጀመሪያ ፈቃዱን ይመልከቱ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚቆም ጠበቃ ፈቃድ የሚያወጣው ከፍትሕ ሚኒስቴር ሲሆን፣ ሥራውም በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይመራል። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ ሐረር ግን የራሱ ፍርድ ቤቶችና የራሱ የቤተሰብ ሕግ ባለው ክልል ውስጥ ናት። በመሆኑም የድሬዳዋ ጠበቃ ለሐረር ቤት ሲያነጋግሩ፣ ፈቃዱ በክልሉ ፍርድ ቤቶችም የሚያሠራው መሆኑን ይጠይቁ። በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ውል አሳምረው ሊጽፉ ይችላሉ፤ የሻጩን መብት አጣርቶ ኃላፊነት መውሰድ ግን ሥራቸው አይደለም።

ቀጥሎ ጠበቃው የማን ሰው እንደሆነ ይወቁ። ደላላ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ብቻ ስለሆነ፣ ሥራ የሚያቆም ጥያቄ የሚያነሣ ጠበቃ አይመቸውም። ወጪ ለመቆጠብ ገዥና ሻጭ አንድ ጠበቃ የሚይዙበት ልማድም አለ፤ እኔ ግን አልመክረውም፣ ክርክር ሲነሣ ለሁለቱም ሊቆም አይችልምና። ቢያንስ የሌላው ወገን ጠበቃ ያዘጋጀውን ረቂቅ የራስዎ ሰው ያንብበው።

ዋናው መለኪያ ግን የመጀመሪያው ውይይት ነው። «ከመፈረሜ በፊት ምን ምን ያጣራሉ?» ብለው ይጠይቁት። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የሚሸጥ የሚለወጥ ስላልሆነ፣ የሚገዙት ቤቱንና በይዞታው ላይ ያለውን መብት ነው። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ጠበቃ ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ በሊዝ የተያዘ፣ የሊዝ ውዝፍ አለበት ወይስ የለበትም ብሎ ይጀምራል። ካርታውን ከመሬት አስተዳደር ፋይል ጋር አስተያይቶ የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን ያረጋግጣል፤ ካርታ በእጅ መያዝ ብቻውን ይህን አያሳይም። በድሬዳዋ ሰፈሮች በከዚራም ሆነ በመጋላ ያረጀ ቤት ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ተወርሶ የቀበሌ ቤት የሆነ እንዳይሆን ይመረምራል፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ ምንም ያህል ዓመት ቢኖርበት የሚሸጠው ነገር የለውምና።

ስለ ሻጩ ማንነት የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ከዚህም ይበልጣሉ። በድሬዳዋ በሚሠራበት የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ የሆነን ቤት ባል ወይም ሚስት ብቻውን ሊሸጥ አይችልም። ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ወኪል ሲሸጥ፣ «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ የተሰጠበት መሆን ይኖርበታል፣ አለመሻሩም መጣራት አለበት። የውርስ ቤት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃው ከመደበኛ ወይም ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊመጣ ይችላል፤ ሁለቱንም ማንበብ የለመደና ያልፈረመ ወራሽ መኖሩን የሚጠይቅ ጠበቃ በእነዚህ ሁለት ከተሞች በተለይ ያስፈልጋል። በሐረር ጁገል ውስጥ ደግሞ ግንቡና የቆየው ከተማ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ስለሆኑ፣ ገዥው ቤቱን አፍርሶ እንደ ልቡ መሥራት እንደማይችል አስቀድሞ ሊነግርዎ ይገባል።

ከጠበቃው አፍ ሁለት ነገሮችን ከሰሙ ሌላ ይፈልጉ። አንደኛው «በሦስት ምስክር ፊት ከተፈረመ ይበቃል» የሚለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ብሏል፤ በኋላ በሌሎች መዝገቦች ተዋዋዮቹ ውሉን ያልካዱበትን ሁኔታ ለይቶ ቢመለከትም፣ በዚያ ተስፋ ቤት አይገዛም። ሁለተኛው ታክስና ቴምብር ለመቀነስ ከእውነተኛው ዋጋ ያነሰ ጻፉ የሚለው ምክር ነው። ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ፣ ነገ ውሉ ፈርሶ ገንዘብ ይመለስ ሲባል የገዥው ማስረጃ ያው የተጻፈው አነስተኛ ቁጥር ይሆናል።

ከተስማሙ ክፍያውንና የሥራውን ወሰን በጽሑፍ ያድርጉ። ሥራው በውልና ማስረጃ ፊርማ ያበቃል ወይስ ስም እስኪዛወር ይቀጥላል? ግብሩንና የስም ማዛወሪያውን ማን ይከፍላል? የሽያጩ ገንዘብ በጠበቃው እጅ ሳያልፍ በባንክ ከገዥ ወደ ሻጭ ይተላለፍ፤ ለጠበቃው የሚሰጡት ውክልናም ጉዳዩን ለመከታተል ብቻ የተወሰነ ይሁን። ገዥ ከሆኑ ከሙያ ክፍያው የተወሰነውን ይዘው ይቆዩና አዲሱ ካርታ በስምዎ ወጥቶ ሲረከቡ ይክፈሉት።