የአጎቴ አሳና ኢንተርኳርታይል ሬንጅ
እናቴ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር አሳ ትጠብሳለች። አጎቴ ጠዋት ጠዋት በታንኳ ቀረሶና አምባዛ ያመጣላታል። ኪሎውን ደብተር ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። የ11 ቀኑ ይኸው፦ 6፣ 9፣ 7፣ 31፣ 8፣ 5፣ 10፣ 8፣ 7፣ 11፣ 9።

አማካዩን ሳወጣ 10 ኪሎ ገደማ መጣ። «እማ፣ በቀን 10 ኪሎ ቁጠሪ» አልኳት። እሷም በእኔ ተማምና የምሳ ትእዛዝ ተቀበለች። በማግስቱ 7 ኪሎ ብቻ መጣ፤ ሰዎች ሳይበሉ ተመለሱ። ፊቷን ሳይ አንጀቴ ተላወሰ። ደብተሩን ገልጬ ብቆጥር፣ 10 ኪሎ የሞላው በ3 ቀን ብቻ ነው። ጉዱ ያለው 31 ላይ ነበር። የዚያን ቀን አጎቴ የጓደኛውንም አሳ ጭኖ መጥቷል።

ኢንተርኳርታይል ሬንጅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ዳርና ዳር ያሉትን ትቶ፣ መሀል ያሉት ቁጥሮች ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳያል።

መጀመሪያ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ። ይህን የዘለለ ሰው ቀሪው ሁሉ ይበላሽበታል። እኔ ቁጥሮቹን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ጠረጴዛ ላይ አሰለፍኳቸው። የጣና ንፋስ እንዳይበትናቸው ቆርኪ ጫንኩባቸው። ሁለት 7 ካለ ሁለት ወረቀት ነው፤ አንዱን እንዳትተዉት።

5፣ 6፣ 7፣ 7፣ 8፣ 8፣ 9፣ 9፣ 10፣ 11፣ 31

መሀል ከፋዩ 6ኛው ነው፤ 8። እሱን አንሱት። ግራና ቀኝ አምስት አምስት ወረቀት ይቀራል። የግራዎቹ መሀል 7 ነው፤ የመጀመሪያው ኳርታይል ማለት ነው። የቀኞቹ መሀል 10 ነው፤ ሦስተኛው ኳርታይል። ከ10 ላይ 7 ሲቀነስ 3 ኪሎ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቀኖቹ 10 ቢሆኑ ኖሮ የሚነሳ ወረቀት የለም፤ አምስት ለአምስት ይከፈላሉ።

በኤክሴል የሠራ ሰው 2.5 ቢያገኝ አይደንግጥ። የተለመደው የኳርታይል ቀመሩ መሀል ከፋዩን ሳያነሳ ነው የሚያሰላው። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል፤ ብቻ አንዱን ከያዛችሁ አትቀላቅሉ።

ደስ ያለኝን ልንገራችሁ። የ31ን ወረቀት አንስቼ በቦታው 12 አስቀመጥኩ። መልሱ ያው 3 ነው! ተራው ሬንጅ (ከትልቁ ቁጥር ላይ ትንሹ ሲቀነስ) ግን ከ26 ወደ 7 ወረደ።

31 ከሌሎቹ የራቀ መሆኑን ለማረጋገጥም 3ን በ1.5 አባዙ፤ 4.5። ሦስተኛው ኳርታይል ላይ ስትደምሩት 14.5 ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለውን በጥርጣሬ እዩት።

አሁን እናቴ ትእዛዝ የምትይዘው በ7 ኪሎ ነው። የተረፈው ድንገት ለሚመጣ ሰው ይጠበሳል።