ቮልስን በአዲስ ላሜራ ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጨረሻዋ የድሮ ሞዴል ቮልስዋገን ቢትል ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 2003 ነው (የመኪናዋ ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተመረቱ መለዋወጫዋ ዛሬም ገበያ አለው፤ ፓራፋንጎው፣ ኮፈኑ፣ የወለሉ ላሜራ፣ ከበሩ ሥር የሚያልፈው ሳጥን ሳይቀር እንደ አዲስ ተመርቶ ይሸጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የበሰበሰችውን ጥሎ ደህናዋን ማስመጣት ቀርቷል። የሚያዋጣው ያለችውን ማዳን ነው።

ይሁን እንጂ አዲሱ ላሜራ ቅጂ ነው። ቀዳዳው ሊስት፣ ጠርዙ ሊንጋደድ፣ ኩርባው ትንሽ ሊጎድል ይችላል። እውነተኛው ልክ ያለው በበሰበሰው አካል ላይ ነው፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸውም ያ ልክ ተቆርጦ ከተጣለ በኋላ ስለሚፈለግ ነው።

«የቮልስ ፓራፋንጎ» ብሎ ማዘዝ

ቮልስ ከሩቅ ሲያዩዋት ሁልጊዜ ያችው ናት፤ ቀረብ ሲሉ ግን በየጊዜው ተለዋውጣለች። በነሐሴ 1967 ወደ ኋላ ጋደል ያለው የፊት መብራት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አብረውት የፊት ፓራፋንጎው፣ ኮፈኑና ፓራውልቱ ተቀየሩ። ከነሐሴ 1970 ጀምሮ የወጣችው 1302፣ ከእርሷም በኋላ የመጣችው 1303፣ የፊት እግራቸው አሠራር ስለሚለይ የፊት ኮፈናቸውና የፊት ዕቃ መጫኛው ወለል ለተራዋ ቮልስ አይሆንም።

ፋብሪካው የሞዴል ዓመቱን የሚቀይረው በነሐሴ ስለነበር በጥቅምት 1967 የተሠራች መኪና በካታሎግ ላይ የ1968 ናት። ስለዚህ ከማዘዝዎ በፊት የኋላ ወንበሩን ያንሱና መሀል ለመሀል በሚያልፈው ቱነል ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ያንብቡ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ ቁጥር ይነግራል፤ በ118 የሚጀምር ከሆነ የ1968 ነው። መብራቷን አይቶ መገመት አያዋጣም። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጋጨችና የማን ፓራፋንጎ እንደተገጠመላት ማን ያውቃል?

ጥቁሩን ቅብ አንቲረስት ነው ብሎ ማመን

አዲስ ላሜራ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ተቀብቶ ይመጣል። አንዱ ቅብ በኤሌክትሪክ የተነከረና ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ጠንካራ መከላከያ ነው፤ ሌላው በመንገድ ላይ እንዳይዝግ ብቻ የተረጨ ቀለም ነው። በዓይን አይለዩም። ነጭ ጨርቅ በቲነር ነክረው አንድ ጥግ ላይ አጥብቀው ይሹ። ጨርቁ ከጠቆረና ብረቱ ብልጭ ካለ ቅቡ ሁሉ መነሣት አለበት፤ በላዩ የሚቀቡት ውድ ቀለም አብሮት ይላጣልና። ቅቡ ከጸና በብርጭቆ ወረቀት ሸከር አድርገው በላዩ መሥራት ይችላሉ።

ሁለቱንም የበር ሥር ሳጥኖች በአንድ ጊዜ መቁረጥ

መኪናን ለዘለቄታው የሚያበላሸው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገርበት።

የቮልስ አካል ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ነው፤ ብሎኑ ሲፈታ ተነሥቶ ይለያል። ብዙ ሰው በዚህ ተደስቶ አካሉን ያነሣል፣ ካቫሌቶ ላይ ያስቀምጣል፣ ግራና ቀኙን ሳጥን በግራይንደር ይቆርጣል። ሥራው ንጹሕ ይመስላል። ሳጥኑ ግን ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ፊት ማሳለፊያ ብቻ አይደለም፤ የአካሉን የፊት ግማሽ ከኋላው ጋር ከታች በኩል አጥብቆ የሚይዘው እርሱ ነው። እርሱ ሲቆረጥ የበሩ ክፍት ቦታ እንደ ልቡ ሊሰፋና ሊጠብ ይችላል። አዲሱን ሳጥን በዚያ ሁኔታ ከበየዱት ጥምመቱን አብረው በየዱት ማለት ነው። በሩ ሲገጠም ከላይ ይነካል፣ ከታች ጣት ያስገባል። ያን ጊዜ «አይዞህ፣ ስቱኮ ይሸፍነዋል» የሚል ባለሙያ አይጠፋም። ስቱኮ የላሜራ ጉድጓድ ይሞላል እንጂ የተጣመመ አካል አያቃናም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ ምንም ሳይቆረጥ፣ በሮቹ በቦታቸው እያሉ በበሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ይለኩ። ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በክፍተቱ ውስጥ ልክክ ብሎ የሚያልፍ የመሰርሰሪያ ጫፍ ይምረጡና ቁጥሩን በዚያው ቦታ ላሜራው ላይ ይጻፉ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ የበር ክፍት ቦታ ከማጠፊያው ምሰሶ እስከ ኋላው ምሰሶ የብረት ቱቦ ያስበይዱ፤ አንዱ አግድም፣ አንዱ ሰያፍ፣ በሩ ሲዘጋ እንዳይነካ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። አካሉ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

ወለሉ ተለውጦ ሲያልቅ ዲያጎናሉን (የወለሉን ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለውን ሰያፍ ርዝመት) በሜትር ያመሳክሩ፣ አካሉን መልሰው በአዲሱ ወለል ላይ ያሳርፉ፣ በብሎን ይሰሩት። ሳጥኖቹ የሚቆረጡት እዚያው ወለሉ ላይ ታስሮ እያለ ነው፤ አንዱ ወገን ተቆርጦ፣ ተገጥሞ፣ ተበይዶ፣ በሩ ተንጠልጥሎ በዚያው የመሰርሰሪያ ጫፍ ከተለካ በኋላ ወደ ሌላው ይታለፋል። ጊዜ ይፈጃል። አቋራጭ ግን የለውም።

ቱነሉን መዳፈር

ወለሉ ሲለወጥ የሚቆረጠው ግራና ቀኙ ብቻ ነው። ቱነሉ የሻንሲ ቁጥሩን ተሸክሟል፤ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ይኸው ስለሆነ ከተቆረጠ ጣጣው ከባትላሜራ ሥራ ያልፋል። ሌላም አለ፤ ከፊት ካለው ታንከር ወደ ሞተሩ የሚሄደው የቤንዚን ቱቦ የሚያልፈው በዚሁ ቱነል ውስጥ ነው። ወለሉ ደግሞ የሚበየደው በቱነሉ ጠርዝ ላይ ነው። ታንከሩ ይውረድ፣ ቱቦው ይንጠፍ፣ ባትሪው ይውጣ። የእሳት ማጥፊያ ያለው ጋራዥ ይምረጡ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሮጌውን ቶሎ መጣል

አዲሱ ሲመጣ የቀድሞው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይሸጣል። ልክ አይደለም። ሁለቱን መሬት ላይ ጎን ለጎን አስተኝተው ቀዳዳ በቀዳዳ ያነጻጽሩ፤ የጎደለው ቀዳዳ፣ የቀረው ትንሽ መያዣ ብረት የሚታየው ያን ጊዜ ነው። መኪናዋ ቀለም እስክትቀባ ድረስ የቆየው ላሜራ ጥግ ይዞ ይቀመጥ።

ሳይገጥሙ መበየድ፣ ሲበይዱም ሳያቋርጡ መሄድ

በሩ፣ ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎው ሁሉ በሞርሳና በጊዜያዊ ቪት ተይዞ አንድ ላይ መታየት አለበት፤ አንዱን በይዶ ሌላውን በእርሱ ማስተካከል ስህተቱን ከፊት ወደ ኋላ መግፋት ብቻ ነው። ብየዳው ሲጀመር ደግሞ ቀጭን ላሜራ ሙቀት አይችልም። በኦክስጂንና በአሴቲሊን ረጅም መስመር ከተሄደበት ይወላገዳል፣ ይንዠረገጋል። በሚግ (ሽቦ እየመገበ በሚበይድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ብየዳ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ፣ አንዱን እዚህ ሌላውን ራቅ አድርገው እዚያ፣ ላሜራው እስኪቀዘቅዝ እየጠበቁ መሄድ ይሻላል። ፋብሪካው በነጥብ የበየደውን ቦታ ላሜራውን በስቶ ቀዳዳውን በብየዳ መሙላት ይተካዋል።

ያረጁ ጥገናዎችን ልብ ይበሉ። ድሮ በናስ የተበየደ ቦታ በላዩ ሚግ አይይዝም፤ አረፋ እያወጣ ይሰነጠቃል። ናሱ ያለበት ብረት ተቆርጦ መውጣት አለበት።

ውስጡን መርሳት

የተዘጋ ሳጥን ከተበየደ በኋላ ውስጡ በብሩሽ አይደረስም። ሁለት ላሜራ የሚደራረብበት ቦታ ሳይበየድ በፊት ብየዳ የሚችል የዚንክ ቀለም ይቀባ፤ ቀለሙ ደርቆ ሥራው ሲያልቅ በቀዳዳዎቹ በኩል ፀረ ዝገት ሰም ይረጭ። የውሃ መውጫ ቀዳዳ በስቱኮ እንዳይደፈን። በክረምት የተፋቀ ብረት ሌሊቱን ሳይቀባ ካደረ ጠዋት ቀይ ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ በዕለቱ ሊቀቡት የሚችሉትን ያህል ብቻ ይፋቁ።

ፓራፋንጎውን በኃይል ማጥበቅ

ፓራፋንጎ በ13 ቁልፍ በሚፈታ ብሎን ነው የሚታሰረው። በአካሉ ላይ ያሉት ዳዶዎች በዝገት ስለሚሞሉ አዲሱን ብሎን ከማስገባትዎ በፊት ጥርሳቸው ይጠረግ። ሁሉም ብሎኖች በእጅ ላላ ብለው ከገቡና በመካከል ያለው የጎማ ዘርፍ ከተስተካከለ በኋላ ከመሀል ወደ ዳር እያሉ ያጥብቁ።

በመጨረሻ የሚመለሰው ባትሪ ነው። ቦታው ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ነው፤ የቀድሞውን ወለል የበላውም ብዙውን ጊዜ የእርሱ አሲድ ነው። ከሥሩ አሲድ የሚችል ምንጣፍ ይደረግለት፣ በማሰሪያው ይታሰር፣ ክዳኑም አይረሳ። ከባድ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፎች ከነካ እሳት ያስነሣል።